ቅርብ ያለው መጽሐፍ ስለ ምን ይርቃል? የአገር ውስጥ ኅትመቶች በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የግዥና የክምችት አስተዳደር ሥራ

በኢትዮጵያ ስላሉ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ችግር ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሰው የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነው። የከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ እስከ ተሰጠ፣ የመማሪያ መጻሕፍቱም በአብዛኛው ከውጭ እስከ መጡ ድረስ ይህ መባሉ አያስገርምም። ይሁን እንጂ በመጻሕፍት ግዥ ክፍል ውስጥ ጥቂት ጊዜ የሠራ ሰው ከዚህ ጋር የማይጣጣም የሚመስል ነገር ያስተውላል። ከለንደን ወይም ከኒው ዴልሂ የታዘዘ የምሕንድስና መጽሐፍ ዘግይቶም ቢሆን ይገባል፤ ከዩኒቨርሲቲው በር በእግር በሚደረስበት መደብር የሚሸጥ የአማርኛ የታሪክ መጽሐፍ ግን ጨርሶ ሳይገባ ሊቀር ይችላል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ለአንድ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለማግኘት ይበልጥ የሚያስቸግረው መጽሐፍ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የታተመው ነው የሚል ነው። ዋነኛው ምክንያትም የገንዘብ እጦት ሳይሆን የዕለት ተዕለት አሠራራችን የተቀረጸበት መንገድ ነው።

ጉዳዩ የአንባቢ ምቾት ብቻ አይደለም። አንድ የታወቀ የፊዚክስ መማሪያ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ባይገኝ በሌሎች ብዙ ቦታዎች ይገኛል። በጥቂት ሺሕ ቅጂ ታትሞ ተሸጦ ያለቀ የአውራጃ ታሪክ፣ የአንድ ባለሥልጣን ግለ ታሪክ ወይም በአካባቢ ማተሚያ ቤት የወጣ የግጥም መድበል ግን በጊዜው ካልተያዘ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚፈልገው ተመራማሪ የሚሄድበት ደጃፍ ጥቂት ነው። በታሪክ፣ በሥነ ጽሑፍና በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፎች የማስተርስና የዶክትሬት ጥናት የሚሠሩ ተማሪዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

የጽሑፉ መነሻ የግዥና የንብረት አስተዳደር አሠራሮችንና ቅጾችን ማንበብ፣ እንዲሁም ጸሐፊው በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የግዥ ክፍል ያየው ሥራ ነው። የዳሰሳ ጥናት ስላልሆነ ሁሉንም ተቋማት ይወክላል አይባልም፤ ሆኖም የበጀት ዓመቱ፣ የንብረት ቅጾቹና የግዥ ዘዴዎቹ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ተመሳሳይ ስለሆኑ የሥራ ባልደረቦች የራሳቸውን ቢሮ እንደሚያዩበት ይገመታል።

የበጀት ዓመቱና የመጽሐፉ ዕድሜ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። በወረቀት ላይ ለግዥ አሥራ ሁለት ወር አለ። በተግባር ግን ክረምቱ በጀት በመደልደል ያልፋል። ትምህርት ክፍሎች የሚፈልጓቸውን መጻሕፍት እንዲያሳውቁ ደብዳቤ የሚጻፍላቸው ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው፤ መልሱ ከሁለትና ከሦስት ማስታወሻ በኋላ በጥር ወይም በየካቲት ይሰበሰባል። ከሚመጡት ዝርዝሮች ብዙዎቹ ከኢንተርኔት መደብሮች የተገለበጡ ናቸው፤ ደራሲ አለ፣ ዓመተ ኅትመት የለም፤ ርእስ አለ፣ ስንተኛ እትም እንደሆነ አይታወቅም። ይህን አጣርቶና ካለው ክምችት ጋር አመሳክሮ ለግዥ ቢሮ ለማስተላለፍ ሌላ ወር ይሄዳል። ጨረታው ሲወጣ ሚያዝያ ነው። በበጀት ዓመቱ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን መጻሕፍቱ በሰኔ የመጨረሻ ቀናት በካርቶን እየተጫኑ ይራገፋሉ።

እንዲህ ያለ የጊዜ ሰሌዳ በራሱ መራጭ ነው። በአንድ ጊዜ፣ በብዛት፣ ከአንድ አቅራቢ ሊገዛ የሚችለውን መጽሐፍ ያስቀድማል፤ አንድ ርእስ በሠላሳና በአርባ ቅጂ የሚፈለግበት የመማሪያ መጽሐፍ ለዚህ ይመቻል። የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞ ወይም የትግርኛ አዲስ መጽሐፍ ግን የራሱ የሕይወት ዑደት አለው። ታትሞ ይመረቃል፤ ለጥቂት ወራት በመደብሮችና በአዟሪዎች እጅ ይቆያል፤ ተወዳጅ ከሆነ ይደገማል፣ ካልሆነ ያልቃል። በጥቅምት የወጣ መጽሐፍ በሚያዝያው የጨረታ ሰነድ ላይ ሲሰፍር፣ ዋጋ የሚያቀርበው ነጋዴ በአጠገቡ «ከገበያ ጠፍቷል» ብሎ ይመልሰዋል። መልሱም ብዙ ጊዜ እውነት ነው።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የተደረገው የምንዛሪ ለውጥ ይህን ጎልቶ እንዲታይ አድርጓል። የ2017 በጀት ዓመት በተጀመረ በሦስት ሳምንቱ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 60 ዶላር የሚያወጣ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ከ3,400 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ6,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። በቀድሞው ተመን የታቀደ በጀት የሚገዛው የቅጂ ብዛት ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። የአገር ውስጥ መጻሕፍትም ወረቀቱና ቀለሙ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ከጭማሪው አላመለጡም፤ ቢሆንም በብር የሚሸጡ፣ ባንክና ጉምሩክ የማይጠብቁ ብቸኛ አማራጮች ነበሩ። ወደ እነርሱ ዞር ማለት ምክንያታዊ ነበር፤ ይሁንና ለመዞር የሚያስችል የግዥ መንገድ አስቀድሞ ያልተዘረጋበት ቤተ መጻሕፍት በአንድ ክረምት ሊዘረጋው አይችልም።

ለአንድ መጽሐፍ ሦስት ፕሮፎርማ

የመንግሥት ግዥ ሕግ የቆመው በውድድር መርሕ ላይ ነው። ወንበር ወይም የፎቶ ኮፒ ወረቀት ሲገዛ መርሑ ይሠራል፤ የአንዱ አቅራቢ ወረቀት በሌላው ሊተካ ይችላልና። መጽሐፍ ግን ተተኪ የለውም። በጀርባው ዋጋው የታተመበትን አንድ የልቦለድ መጽሐፍ ከሦስት መደብር በታሸገ ፖስታ ፕሮፎርማ አሰብስቦ ማወዳደር የሚያስገኘው የዋጋ ቅናሽ፣ ለሥራው የሚወጣውን የሠራተኛ ቀንና የትራንስፖርት ወጪ አይሸፍንም።

ይባስ ብሎ በአገራችን የደራሲው ራሱ አሳታሚ መሆን የተለመደ ነው። ደራሲው ከማተሚያ ቤት ጋር ተዋውሎ ያሳትማል፣ የቻለውን ለአከፋፋይ ይሰጣል፣ የቀረውን በቤቱ ያስቀምጣል። ቤተ መጻሕፍቱ አምስት ቅጂ ቢፈልግ የሚያገኘው ሰው የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ ምዝገባና ሕጋዊ ደረሰኝ የማቅረብ ልማድ ላይኖረው ይችላል። ፋይናንስ ያለ ደረሰኝ አይከፍልም፤ አይፈረድበትምም። መጽሐፉ እንዲህ በመካከል ይቀራል።

እዚህ ላይ ሕጉን መውቀስ ይቀላል፤ እኔ ግን ጥፋቱ በሕጉ ላይ ነው ብዬ አላምንም። የግዥ ሕጉ ከግልጽ ጨረታ ሌላ ውስን ጨረታን፣ በዋጋ ማቅረቢያ የሚፈጸም ግዥንና ሁኔታው ሲያስገድድ ከአንድ አቅራቢ የሚፈጸም ግዥን ያውቃል። የማዕቀፍ ስምምነትም አዲስ ነገር አይደለም፤ ተደጋግመው ለሚፈለጉ ዕቃዎች መንግሥት ራሱ ይጠቀምበታል። የጎደለው፣ መጽሐፍ ከነዚህ መንገዶች በየትኛው ቢገዛ እንደሚሻል አስቀድሞ በጽሑፍ የተቀመጠ የተቋም መመሪያ ነው። መመሪያ በሌለበት የግዥ ባለሙያው ኦዲተሩን እያሰበ ከሁሉ ይልቅ የማያስጠይቀውን መንገድ ይመርጣል፤ ይኸውም አራት መቶ ርእስ በአንድ ሎት ጠቅልሎ ለጨረታ ማውጣት ነው። እንዲህ ባለው ሎት የሚያሸንፈው የውጭ መጻሕፍትን በብዛት የሚያስመጣው ድርጅት ነው፤ በሎቱ ውስጥ የተሸጎጡት የአገር ውስጥ ርእሶች ለእርሱ ትርፍ የሌላቸው ጥቃቅን ናቸው።

ከሞዴል 19 በኋላ

መጽሐፉ ከተገኘም ገና መንገድ ይቀረዋል። በንብረት ክፍል ተቆጥሮ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይሄዳል፤ ከዚያ በቤተ መጻሕፍቱ የመግቢያ መዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ይታተምበታል፣ ይመደባል። ሰኔ ላይ የተራገፈ ካርቶን መስከረም ላይ ያልተከፈተበት ጊዜ አለ።

ይህ የንብረት አያያዝ ሌላም መዘዝ አለው። በሞዴል የተመዘገበ መጽሐፍ እንደ ጠረጴዛና እንደ ኮምፒውተር የሚጠየቁበት ንብረት ነው። ያረጀ የኮምፒውተር ፕሮግራም ማኑዋል አንድም አንባቢ ሳይኖረው ሃያ ቅጂ ሆኖ መደርደሪያ ይይዛል፤ ለማስወገድ ኮሚቴ፣ ቃለ ጉባኤና ፈቃድ ያስፈልጋልና ማንም አይነካውም። ከክምችት ማስወገድ የክምችት ግንባታ ግማሽ መሆኑን በክፍል ውስጥ እንማራለን፤ በሥራ ላይ ግን የሚያስወግደው ሠራተኛ ይጠየቃል፣ የሚያከማቸው አይጠየቅም። በውጤቱ ለአዲስ መጽሐፍ ቦታ የለም ይባላል፤ ያለው ቦታ ለማን እንደተሰጠ ግን አይጠየቅም።

የስጦታ መጻሕፍትም ወደዚሁ ይጨመራሉ። በኮንቴይነር የሚመጡ የውጭ መጻሕፍት ለአዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ባለውለታ መሆናቸው አይካድም፤ በሁለት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከሁለት ወደ ከአርባ በላይ ለደረሰው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መደርደሪያ የሚሞላ ነገር ያስፈልግ ነበር። ነገር ግን ነጻ መጽሐፍ ነጻ አይደለም፤ ይጓጓዛል፣ ይመዘገባል፣ ይመደባል፣ ቦታ ይይዛል። ስጦታን መምረጥ በባህላችን እንደ ውለታ ቢስነት ስለሚታይም ሁሉም ይገባል። ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር የማይገናኝ የአንድ ሩቅ አገር የአካውንቲንግ ሕግ ማብራሪያ ሠራተኛው ሲመዘግብ የዋለበት ቀን፣ የአገር ውስጥ መጽሐፍ ሊፈለግበት ይችል የነበረ ቀን ነው። የስጦታ አቀባበል ፖሊሲ ጽፎ ለለጋሹ አስቀድሞ መላክ ማንንም አያስከፋም፤ ለጋሽ ድርጅቶች ራሳቸው ተቀባዩ ምርጫውን እንዲያሳውቅ የሚጠይቁበት ጊዜ አለ።

በካታሎግ ውስጥ የጠፉ መጻሕፍት

ለትእዛዝ የቀረበ ርእስ በቤተ መጻሕፍቱ መኖር አለመኖሩን ማጣራት የግዥ ሥራ የመጀመሪያ ደረጃ ነው። ለእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ መለያ ቁጥሩን መጻፍ ይበቃል። ለአማርኛ መጽሐፍ ግን ማጣራቱ ራሱ አንድ ሙያ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁን እንውሰድ። አንዱ ካታሎገር «ሐዲስ ዓለማየሁ» ብሎ ይመዘግባል፤ ሌላው «ሀዲስ አለማየሁ» ይላል። ለአንባቢው ድምፁ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ አ እና ዐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ እንዲፈልግ ካልተስተካከለ በቀር፣ ኮሃን የመሰለ በብዙ አገር የሚሠራበት የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር እንኳ ይህን በራሱ አያውቅም። ሦስተኛው ካታሎገር ደግሞ የውጭውን ልማድ ተከትሎ «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ብሎ ይገለብጠዋል፤ የኢትዮጵያውያን ስም የቤተሰብ ስም ስለሌለው በራስ ስም መጀመር እንዳለበት ዓለም አቀፉ የካታሎግ ልማድ ራሱ ቢቀበልም። አራተኛው በላቲን ፊደል ይጽፈዋል፤ በዚያም ላይ «ዲ»ን አጥብቆ የሚጽፍና አላልቶ የሚጽፍ አለ። አንድ ደራሲ በአንድ ካታሎግ ውስጥ አራት ሰው ይሆናል።

ዓመተ ምሕረቱም ሌላ ወጥመድ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። መዝጋቢው 1958 ብሎ ዘመኑን ሳይለይ ከተወው፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የሚያነብ ሰው መጽሐፉ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት የወጣ ይመስለዋል። ጥንቁቅ ካታሎጎች ሁለቱንም ይመዘግባሉ፤ ጥንቃቄ የጎደላቸው ግን አንዱን እትም ሁለት እትም ያደርጉታል።

ይህ የካታሎግ ጉዳይ እንጂ የግዥ ጉዳይ አይደለም የሚል ይኖራል። ሆኖም በግዥ ክፍል የሚደርሰው ጉዳት በሁለት በኩል ነው። በአንድ በኩል ያለው መጽሐፍ የለም ተብሎ ዳግመኛ ይታዘዛል። በሌላ በኩል፣ ይኸኛው የከፋው ነው፣ ተማሪው ፈልጎ ያላገኘው መጽሐፍ የውሰት ታሪክ አይኖረውም፤ የውሰት ታሪክ የሌለው ርእስ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ምርጫ «ተፈላጊ አይደለም» ይባላል። የፊደል አጻጻፍ ልዩነት እንዲህ ተዘዋውሮ የበጀት ውሳኔ ይሆናል።

የውሰት ቁጥር የሚለካውና የማይለካው

በክምችት አስተዳደር ትምህርት ተደጋግሞ የሚጠቀስ አንድ ጥናት አለ። አለን ኬንትና ባልደረቦቹ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት ሲሆን፣ በ1969 ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ከገቡት መጻሕፍት 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት አንድ ጊዜ እንኳ አልተዋሱም ነበር። ጥናቱ በአሠራሩ ብዙ ትችት ገጥሞታል፤ ሆኖም «ምናልባት አንድ ቀን ያስፈልግ ይሆናል» ተብሎ ከሚገዛ ይልቅ ፍላጎቱ የታየ ይገዛ ለሚለው አስተሳሰብ ትልቅ ድጋፍ ሆኗል።

ይህን መለኪያ ወደ እኛ ስናመጣ አንድ መሠረታዊ ልዩነት ልናስተውል ይገባል። የፒትስበርግ ተመራማሪ ያልተገዛ መጽሐፍ ቢያስፈልገው ከሌላ ቤተ መጻሕፍት በውሰት ይመጣለታል፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ያገለገለ ቅጂ በገበያ ይገኛል። በእኛ ዘንድ በዩኒቨርሲቲዎች መካከል የሚደረግ የመጻሕፍት ውሰት ከስምምነት ወረቀት ያለፈ ልማድ አልሆነም፤ ያለቀ የአማርኛ መጽሐፍም የሚገኘው አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡ ነጋዴዎች ዘንድ በዕድል ነው። በዚያ ላይ የእኛ ተማሪ ብዙውን የሚያነበው በንባብ አዳራሽ ነው፤ ሳይዋስ አንብቦ የሚመልሰው መጽሐፍ በቁጥሩ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ለውጭ መማሪያ የውሰት ቁጥር ተገቢ መለኪያ ሊሆን ይችላል፤ ለአገር ውስጥ ኅትመት ግን ትክክለኛው ጥያቄ «ዛሬ ስንት ሰው ፈለገው?» ሳይሆን «እኛ ካልያዝነው ሌላ ማን ይይዘዋል?» የሚለው ነው።

የኤሌክትሮኒክ መረጃዎችም ይህን ክፍተት አይሞሉም። ሂናሪና አጎራን የመሳሰሉ፣ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሚቀርቡ ፕሮግራሞች ለጤናና ለግብርና ተመራማሪዎች ትልቅ እፎይታ ሆነዋል። ያቀረቡልን ግን የውጭውን ጆርናል ነው።

ሌላ ማን ይይዘዋል?

መልሱ ያስገርማል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1966 በናይሮቢ የከፈተው ቢሮ ከሰሐራ በታች ካሉ በርካታ አገሮች፣ ከኢትዮጵያም ጭምር፣ በአገሬው ቋንቋ የታተሙትን ሳይቀር ይሰበስባል፤ በትብብር ፕሮግራም ለተካፈሉ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም ያከፋፍላል። እዚህ በሚያዝያ ጨረታ «ከገበያ ጠፍቷል» የተባለው መጽሐፍ በአሜሪካ ካታሎግ ውስጥ ዓመተ ምሕረቱ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ልዩነቱን የገንዘብ አቅም ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ይመስለኛል። ቢሮው የሚሠራው የአንባቢ ጥያቄ ጠብቆ ሳይሆን በቋሚነት ነው፤ መጽሐፉ ሲወጣ የሚይዝ ሰው አለው።

በአገር ውስጥም ባለአደራዎች አሉ። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) በአዋጅ ቁጥር 179/1991 መሠረት በአገሪቱ የሚታተሙ ጽሑፎችን ቅጂ የመቀበል መብት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን በየቋንቋው ሲሰበስብ ኖሯል። ይሁን እንጂ ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው፤ ሁለቱም በመጀመሪያ ጠባቂዎች ናቸው። የጂማ ወይም የደብረ ማርቆስ ተማሪ መጽሐፉን ለማንበብ አውቶቡስ መሳፈር አለበት። በክልል ከተሞች በሚገኙ ማተሚያ ቤቶች የሚወጡ፣ ከዞኑ ውጭ የማይሸጡ ጽሑፎችን ደግሞ አዲስ አበባ ሆኖ መከታተል ለማንም ቀላል አይደለም።

ስለዚህ የሥራ ክፍፍሉ በአካባቢ ቢሆን ይሻላል። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ሁሉንም ለመሰብሰብ አይችልም፤ በከተማውና በዙሪያው የሚታተመውን ግን፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ባሕር ዳር የባሕር ዳርን፣ ሐሮማያ የሐረርንና የድሬዳዋን፣ መቀሌ የመቀሌን ቢይዝና ዝርዝሩን ቢለዋወጡ፣ ለየብቻ ሊገነባ የማይችል ክምችት በጋራ ይገነባል። የኢትዮጵያ የአካዳሚክና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ኮንሶርሺየም ለኤሌክትሮኒክ መረጃ የጀመረውን ትብብር ለወረቀቱም ሊያሰፋው ይችላል።

ለግዥው፣ ከአንድ ወይም ከሁለት መደብር ጋር በዓመቱ መጀመሪያ የማዕቀፍ ስምምነት ተፈራርሞ፣ መደብሩ አዲስ የወጣውን የአገር ውስጥ መጽሐፍ ሁለት ሁለት ቅጂ፣ አንዱ ለጥበቃ አንዱ ለውሰት፣ በየወሩ እንዲልክና በሽፋን ዋጋው እንዲከፈለው ማድረግ ይቻላል። ደረሰኝ የሌለው ደራሲም መጽሐፉን በዚሁ መደብር በኩል ሊያቀርብ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን የፋይናንሱ ጥያቄ ይመለሳል። ለቀሩት፣ ለአዟሪና ለአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ፣ በጥቃቅን ወጪ ገንዘብ ውስጥ ለቤተ መጻሕፍቱ የተለየ ጣሪያ ማስቀመጥ ይበቃል። ይህን የሚሠራው ባለሙያ በወር ሁለት ቀን ከቢሮ ወጥቶ መደብር እንዲዞር በሥራ መዘርዝሩ ላይ መጻፍ ይኖርበታል፤ ካልተጻፈ ግን መውጣቱ ከሥራ ገበታ መቅረት ይሆንበታል።